ከሱቅ ደጃፍ የተነሣ ባንክ

ሸበሌ ባንክ ባንክ ከመሆኑ በፊት ጅግጅጋ ላይ የተመሠረተ የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም ነበር። በሶማሌ ክልል አውበሬ አካባቢ ላለ አርብቶ አደር የተቋሙ ቅርንጫፍ ሩቅ ነበር፤ ወለድም በእምነቱ ክልክል። የተቋሙ መሪዎች ግን ደንበኛውን አልወቀሱም፤ አሠራራቸውን ለወጡ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይዘው፣ ሄሎካሽ በተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አማካይነት ገንዘቡን በተራ ስልክ፣ በሶማልኛ አንቀሳቀሱት። ወኪሉ ባለሱቁ ሆነ። ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፤ ባለሱቁን ሰፈርተኛው ያውቀዋል፣ ያምነዋልም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሞባይልና የወኪል ባንክ መመሪያም መንገድ ከፍቷል። ድርጅት የምትመሩ ሁሉ፣ ሠራተኛችሁን አዲስ ሐሳብ አምጣ ከማለታችሁ በፊት ደንበኛው ከደጃችሁ ለምን እንደተመለሰ ጠይቁ።