የማስጫኛ ፍላሹ ስም ምን ይነግረናል?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንጭንበትን ፍላሽ ወይም ዲቪዲ ኮምፒዩተር ውስጥ ስንከት፣ ከምልክቱ ጎን አንድ ግራ የሚያጋባ ስም ብቅ ይላል። ባለሙያዎች «ቮሊዩም ሌብል» ይሉታል። ብዙ ሰው አያነበውም፤ አንዳንዱም ባሻው ስም ይቀይረዋል። መቀየሩ አንዳንድ ጊዜ ምንም አያመጣም፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ጭነቱን ገና ከጅምሩ ያስቆመዋል። ዛሬ ምክንያቱን እናያለን።

በዊንዶውስ እንጀምር። በብዙ የዊንዶውስ 10 ማስጫኛዎች ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ላንብብላችሁ፦ «ሲ ሲ ሲ ኦ ኤም ኤ፣ ኤክስ 64 ኤፍ አር ኢ፣ ኢ ኤን ዩ ኤስ፣ ዲ ቪ 9»። መጨረሻ ላይ ያለው «ዲ ቪ 9» መጠኑን ይናገራል፤ 8.5 ጊጋባይት ገደማ የሚይዘውን ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ያመለክታል። «ዲ ቪ 5» ቢሆን 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ተራው ዲቪዲ ነው። «ኢ ኤን ዩ ኤስ» ቋንቋውን፣ የአሜሪካ እንግሊዝኛን፣ ይገልጻል። «64» ባለ 64 ቢት መሆኑን ሲያሳይ፣ «ኤፍ አር ኢ» ደግሞ ለተጠቃሚ የሚሰጠው መደበኛ ቅጂ መሆኑን ይናገራል። ስህተት ለመፈለጊያ ተብሎ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የሚዘጋጀው ቅጂ «ሲ ኤች ኬ» ይባል ነበር።

ይሁንና ይህ ስም የማይነግረን ነገር አለ። ያው ስም በተለያዩ ዓመታት በወጡ የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች ላይ ተደጋግሟል። ስለዚህ ትክክለኛውን ስሪት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስሙን ትቶ «ሶርስስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የመጫኛ ፋይል «ዲዝም» በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ይመርምር። የዊንዶውስ ጫኝ ይህን ስም አይፈልገውም፤ ብትቀይሩትም ሥራውን ይቀጥላል።

ሊኑክስ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ፌዶራ፣ ሬድ ሃት እና ሴንትኦኤስ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሲነሡ መጀመሪያ ትንሽ ክፍላቸው ብቻ ሜሞሪ ላይ ይጫናል። ያ ክፍል ቀሪውን ትልቁን ፋይል ማግኘት አለበት። ፍላሹ በአንዱ ማሽን «ኤስ ዲ ኤ»፣ በሌላው «ኤስ ዲ ቢ» ሊባል ስለሚችል በዚያ መፈለግ አያስተማምንም። ስለዚህ በማስነሻ ትእዛዙ ውስጥ «ይህ ሌብል ያለበትን ዲስክ ፈልግ» የሚል መመሪያ ተጽፏል። ስሙን ካጣው ጥቂት ጠብቆ ጊዜው አለቀ ይላል፤ ተጠቃሚውም ጥቁር ስክሪን ላይ ከትእዛዝ መስመር ጋር ይፋጠጣል።

ችግሩ ሰው ሳይነካውም ይፈጠራል። የሴንትኦኤስ 7 ሌብል ክፍት ቦታውን ጨምሮ 15 ሆሄያት አሉት። የአይ ኤስ ኦ 9660 መስፈርት እስከ 32 ስለሚፈቅድ ዲቪዲ ላይ ይበቃዋል። ፍላሻችን በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ ግን የሚቀበለው 11 ብቻ ነው፤ የቀረው ይቆረጣል። ፋይሎቹን እንዲሁ ኮፒ አድርገን ፍላሹ አልነሣ ሲል «ፍላሹ ተበላሽቷል» የምንለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም «ዲ ዲ» የሚለውን አማራጭ መርጦ ያወረድነውን የማስጫኛ ፋይል፣ ማለትም የአይ ኤስ ኦ ምስሉን፣ እንዳለ መጻፍ ነው፤ ያኔ ሌብሉም ሳይጎድል አብሮ ይሄዳል። ፍላሹን እንደገና መጻፍ ካልቻላችሁ ማስነሻ ሜኑው ላይ ትእዛዙን ከፍታችሁ፣ እዚያ ያለውን ስም ፍላሹ ላይ ካለው ጋር አንድ አድርጉት።

በመጨረሻ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር። ማንም ሰው የፈለገውን ስም ፍላሽ ላይ ሊጽፍ ስለሚችል፣ ትክክለኛ የሚመስል ሌብል ፋይሉ አለመነካካቱን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የአይ ኤስ ኦ ፋይሉ «ሻ 256» ቁጥር ነው፤ 64 ሆሄያት አሉት። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» በሚባለው ትእዛዝ አውጥታችሁ አዘጋጁ ድርጅት ካወጣው ጋር አስተያዩ። አንድ ሆሄ እንኳ ከተለየ ፋይሉን አጥፍታችሁ ከአዘጋጁ ዘንድ እንደገና አውርዱ።