ወራጅ አለ!

እሱ፦ ዛሬ ወሬያችን መኪና ለሌለው ነው። ወረታ መናኸሪያ ሂዱ፣ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ «ወራጅ አለ!» በሉ።

እሷ፦ መሃል መንገድ ላይ?

እሱ፦ አውራምባ መገንጠያ ላይ። ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር።

እሷ፦ እሱም ጉዞ ሆነና! የፎገራ ገበሬ ቢሰማህ ይስቅብሃል።

እሱ፦ ይሳቅ። የከተማ ሰው ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ የሚጠራ ነው።

እሷ፦ እኔን ነው?

እሱ፦ ስም አልጠራሁም።

እሷ፦ እሺ፣ ደርሰን ምን እናያለን?

እሱ፦ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱትን የአውራምባ ማኅበረሰብ። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ታርሳለች። ሽመናውንም እዩ።

እሷ፦ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን የፎገራ ሜዳ ይበልጣል። በኅዳር ሩዙ ሲታጨድ፣ ከወረታ ወደ ጣና አቅጣጫ በማሳ ድንበር መሄድ! በሸሸርና በወላላ ረግረጎች ደግሞ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ባለ ረጅም እግር ወፎች አሉ።

እሱ፦ ረግረጉን በራሳችን እናገኘዋለን?

እሷ፦ ኧረ በፍጹም! የአገሩ ሰው ይምራችሁ፤ ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ።

እሱ፦ በክረምትስ?

እሷ፦ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት? ጫማህን ጭቃው ያስቀርብሃል።

እሱ፦ በበጋ ደግሞ ጥላ የለም።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው፤ ባርኔጣና ውሃ ያዙ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

እሱ፦ መመለሻውስ?

እሷ፦ ሲመሽ ባዶ ወንበር ያለው ሚኒባስ ማግኘት ከባድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ቁሙ።