ሲቪውን ማን ጻፈው?



ዛሬ ብዙዎቻችን ቀጣሪ ወይም የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆነናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሳ፦ ሰው ስንመርጥ የሲቪው ማማር ሊቆጠር ይገባል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ብዙ ተመራቂ ሲቪውን የሚያሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ የተዘጋጀውን ቅጽ ታወጣለች፣ ስሙን ትቀይራለች፣ ታትማለች። ወረቀቱ ቢያምር የእሷ ሙያ ነው፤ ቢበላሽም የእሷ ነው።

የይፋት ቆላ ልጅ ግን በመስኖ ሽንኩርት አልምቶ፣ ማሾ ዘርቶ ሊሆን ይችላል። ከውኃ አባቱ ጋር ቆሞ የውኃ ተራ አስከብሮ፣ ጠብ አብርዶ ይሆናል። ቤቱ አርጎብኛ፣ ሰንበቴ ገበያ ኦሮምኛ ይናገር ይሆናል። ሲቪው ላይ ግን «የሥራ ልምድ፦ የለም፤ ቋንቋ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ» ይላል። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ልጅ ራሱን መዘርዘር ጉራ ይመስለዋል። እኛም አንድ ጊዜ ገረፍ አድርገን አይተን እንጥለዋለን።

ታዲያ አቀራረብ ዋጋ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ግሩም አበበና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። አንዱን ቡድን በማመልከቻና በሲቪ አጻጻፍ፣ በቃለ መጠይቅ አሠለጠኑ፤ ፈትነውም የችሎታ ምስክር ወረቀት ሰጡ። ለሌላው ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ከ4 ዓመት በኋላ የሠለጠኑት ገቢ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የትራንስፖርቱ ጥቅም ግን አልዘለቀም። ልብ በሉ፣ ሥልጠናው አዲስ ሙያ አላስተማረም፤ ያለውን ማሳየት ነው ያስተማረው።

እንግዲህ አቀራረብ በትምህርት የሚገኝ ነገር ከሆነ፣ ያላስተማርነውን ልጅ በእሱ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እንኳ ቅጥርን አስሮት የነበረው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ውጤት በማምጣት ነበር።

ቀጣሪ የሆናችሁ፣ ሥራው ራሱ ጽሕፈት ካልሆነ በቀር ለወረቀት ውበት ነጥብ አትስጡ። የመስኖ ባለሙያ ስትፈልጉ የጠወለገ ሽንኩርት አሳዩትና ምን እንደነካው ጠይቁት። መምህራኖቻችን ደግሞ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ሰዓት አስቀምጣችሁ «እስቲ እስከ ዛሬ ምን ምን ሠርተሃል?» በሉልን። የሚመልሰውን ሲቪው ላይ ያስፍረው።