የአገረ ገዥ ራልፍ ካር ሙግት



ዴንቨር መሐል ታክሲ ያሽከረከረ ሰው ሁሉ በ14ኛው ጎዳና የሚገኘውን ትልቅ የፍርድ ቤት ሕንጻ ያውቀዋል። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያስችለው እዚያ ነው። የሕንጻው መጠሪያ ራልፍ ካር ነው። ማን ነበሩ ብዬ የጠየቅኋቸው ወዳጆቼ አብዛኞቹ «ዳኛ ይሆናሉ» አሉኝ። ዳኛ አልነበሩም። አገረ ገዥ ነበሩ፤ ያውም በምርጫ የወደቁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ይቅርታ።)

ካር በ1887 ሮዚታ በምትባል የማዕድን መንደር ተወለዱ፤ ያደጉት የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ በሆነችው ክሪፕል ክሪክ ነው። በ1912 ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው በየትናንሹ ከተማ ጥብቅና ቆሙ፤ ጋዜጣም አዘጋጁ። በ1929 ፕሬዚዳንት ሁቨር የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አደረጓቸው። ስማቸው የገነነው ግን በውሃ ሕግ ነው። አገራችን በርስት ቀልድ እንደሌለ ሁሉ ኮሎራዶም በውሃ ቀልድ የለም፤ ወንዞቿ ወደ ጎረቤት ግዛቶች ስለሚወርዱ ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ1938 ሲመረጡ ሰዉ የሚያውቃቸው እንደ ወጪ ቆጣቢ ሪፐብሊካንና የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን የኢኮኖሚ ፖሊሲ አጥብቀው እንደሚቃወሙ ሰው ነበር። በ1940 በድጋሚ ተመረጡ።

ከዚያ ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ ጦርነት ሆነ። የካቲት 19 ቀን 1942 ሩዝቬልት 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ፤ በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩ 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው እንዲነሱ ተደረገ። ከሦስቱ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከቤታቸው የተነሱት ፍርድ ቤት ቀርበው ወንጀል ተገኝቶባቸው አልነበረም። እርሻቸውንና ሱቃቸውን ጥለው በእጃቸው የሚይዙትን ያህል ዕቃ ብቻ ይዘው ወጡ።

ወዴት ይሂዱ? በሚያዝያ ወር የምዕራብ ግዛቶች አገረ ገዥዎች ስለዚሁ ጉዳይ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተሰበሰቡ። የዋዮሚንጉ አገረ ገዥ፣ ሰዎቹ ወደ ግዛቴ ቢመጡ ከየዛፉ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ እስከማለት ደረሱ። ከተሰበሰቡት መካከል ለመተባበር ፈቃደኛ የነበሩት ካር ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካርን መልአክ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ትእዛዙን በፍርድ ቤት አልተሟገቱትም። በኮሎራዶ ደቡብ ምሥራቅ፣ ግራናዳ አጠገብ፣ አማቼ የሚባለው ካምፕ በእሳቸው ዘመን ተከፈተ፤ በእሾህ ሽቦና በመጠበቂያ ማማ የታጠረ ነበር፤ ከ7,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር። ካር ይህን የጦርነት ጊዜ ግዴታ ብለው ተቀበሉት። ታዲያ ምን አደረጉ? ዜጋን ያለ ፍርድ ማሰር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ በአደባባይ ደጋግመው ተናገሩ። በቁጣ የተሰበሰቡ ገበሬዎች ፊት ቆመው፣ የጃፓን ተወላጆቹን የሚጎዳ አስቀድሞ እኔን ይጉዳ አሉ፤ ያደጉባት ትንሽ ከተማ የዘር ጥላቻን ነውር እንዳሳየቻቸውም ነገሯቸው። የስድብና የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲጎርፍባቸው፣ ከካምፑ አንዲት ወጣት አምጥተው በቤታቸው ሥራ ቀጠሩ።

ብዙ ሰው ይህን የደግነት ታሪክ ያደርገዋል። እኔ የማየው የጠበቃ ግትርነት ነው። ሩዝቬልት ከሥልጣናቸው አለፉ ብሎ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ያንኑ ሕገ መንግሥት የጃፓን ተወላጆችም እንዲጠቀሙበት አንቀጽ በአንቀጽ ይከራከር ነበር።

በኅዳር 1942 ለሴኔት ሲወዳደሩ ተቀናቃኛቸው ኤድ ጆንሰን ነበሩ። ጆንሰን ቀድሞ አገረ ገዥ ሳሉ፣ በ1936፣ የሜክሲኮ ሠራተኞች እንዳይገቡ ብሔራዊ ዘብ አሰማርተው የግዛቲቱን ደቡብ ድንበር የዘጉ ሰው ናቸው። ካር በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ጆንሰን እጅግ ተወዳጅ ስለነበሩ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ተወዳጅ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ቀን የካር ፓርቲ ዕጩ ጆን ቪቪያን አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ለሪፐብሊካን ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ካርን ሲዘል ምን እያሰበ ነበር? አማቼን ያልረሳ ይመስለኛል።

ታሪኩ እዚያ አልቆመም። በ1944 የጃፓን ስደተኞች መሬት እንዳይገዙ የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለኮሎራዶ ሕዝብ ቀረበ፤ ሕዝቡም ጣለው። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ካርን ከጣሉ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይተው! ይህን ድምፅ የካር ሥራ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ንግግራቸውን የሰማው ያው ሕዝብ ነው።

ካር በ1950 እንደገና ለአገረ ገዥነት ታጭተው ነበር፤ ምርጫው ሳይደርስ መስከረም 22 ቀን ሞቱ። የፌዴራሉ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ የወሰነው በ1988 ነው። የዴንቨር የጃፓን ተወላጆች ግን ያን ሁሉ ዘመን አልጠበቁም፤ በ1976 የካርን ምስል በነሐስ አሠርተው ሳኩራ አደባባይ ላይ አቆሙ። ላሪመርና 19ኛው መንገድ የሚገናኙበት ነው። ከመሐል ከተማ መንገደኛ አድርሳችሁ ስትመለሱ፣ ወረድ ብላችሁ እዩት።