«ዓሣውስ?» ለሚለው ጥያቄ
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባችን ወንዙን በድንጋይና በጋቢዮን ከትረን የበጋ ውኃ እንያዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተወያይተንበታል። ሐሳቡን እኔም ደግፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። በዚያን ቀን ግን አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አውጥቶ «ዓሣውስ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጁም አፍሮ ተቀመጠ። እኔ ቃለ ጉባዔ ስይዝ ጥያቄውን ጻፍኩት፤ ቤቴም ገብቼ ሳስበው የሚያስቅ ነገር አጣሁበት። ስለዚህ ዛሬ ያንን ጥያቄ ልመልስ ተነሥቻለሁ።

እዚህ አገር ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጎረቤታችን ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ለመራባት ወንዝ አያስፈልገውም። እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ጎድጓዳ ነገር ሠርቶ ይጥላል፤ እናቲቱም ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ሌላ ዓይነት ዓሣ ግን አለ፤ ክረምት ሲገባ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ጅረቱን ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ካልጣለ ዘር የማይተካ። የጣናው ነጭ ዓሣ ብዙው ወገኑ እንዲህ ነው። እንግዲህ ግድብ ሲሠራ ሁለቱ እኩል አይጎዱም።

ጣናን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አልፎ የሚገኝ የደጋ ሐይቅ ነው። ከበታቹ ደግሞ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ወጥቶ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ነጭ ዓሣ ለብቻው ተዋልዶ 15 ያህል ዓይነት ሆኗል፤ እነዚህም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከነዚህ ገሚሱ ያህል በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹም ገባሮች ይወጣል።

አሁን ወደ ግድቡ ልምጣ። ፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የመብራት ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እሱ ሐይቁን አልነካውም። በ1988 ዓ.ም. ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጨረጨራ የሚባለው መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ እንደ ጋን ሆነ፤ መክደኛው በሰው እጅ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ ሳለ ውኃው ለመብራት ሲለቀቅ፣ ሐይቁ በጣም ጎደለ። ጀልባዎች ለአራት ወር ያህል ሥራ አቆሙ። ዳር ዳሩ ያለው ደንገል ደረቀ፤ ገበሬውም ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ አረሰ። ዓሣውም ቀነሰ። ለምን ቢባል፣ ያ ጥልቀት የሌለው ዳር የዓሣው ማጀት ነው። ቆሮሶም እዚያ ይጥላል፤ ጫጩቱም ደንገል ውስጥ ተደብቆ ያድጋል።

በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይኸኛው ውኃውን በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል፤ ኃይሉም 460 ሜጋ ዋት ነው። ጢስ ዓባይን ቀድሞ ያየ ሰው ዛሬ ቢሄድ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ያንን ፏፏቴ አይደለም።

በውጭ አገርም ነገሩ ያው ነው። በኖርዌይ በተራራ ላይ ያሉ ሐይቆች ለመብራት ሲባል ውኃቸው ከፍ ዝቅ ሲደረግ፣ ዳር ላይ የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት አለቁ፤ እነሱን የሚበላው ትራውት የሚባለው ዓሣም ከሳ። ይህን መጀመሪያ የሚያውቀው ባለሥልጣኑ አይደለም፤ መንጠቆውን ይዞ ዳር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ማልዶ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ያውቀዋል።

ወገኖቼ፣ ሁሉንም በግድብ ላይ ብናላክክ ግን ውሸት ይሆናል። በ1978 ዓ.ም. ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ጠፋ። አጥኚዎቹ ዋናውን ጥፋት ያገኙት መረቡ ላይ ነው፤ ይኸውም ዓሣው ለመጣል በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ ጠብቆ ማፈስ ነው። ነፍሰ ጡር በደጃፏ እንደ መግደል ነው እኮ! ዛሬ ደግሞ ርብ ላይ የመስኖ ግድብ ቆሟል፤ ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ያልቃል።

መብራት ይቅር፣ መስኖ ይቅር አልልም። ወፍጮው በመብራት ነው፤ ስልካችንም በመብራት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ የተደሰትነው ሁላችንም ነን። ግድብም ዓሣ ያመጣል፤ በ1952 ዓ.ም. የተሠራው የቆቃ ግድብ ስንቱን ዓሣ አጥማጅ አሳድሯል። ነገር ግን እዚያ የሚረባው የረጋ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው። ሽቅብ የሚወጣው ወገን መንገድ ካልተተወለት ይቀራል፤ አንዴ ከጠፋም በገንዘብ አይመለስም።

ታዲያ የኛ ትንሽ ክትር ከዚያ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ትልቁ ግድብ በኛ እጅ አይደለም፤ ትንሹ ግን በኛ እጅ ነው። በወንዛችን ልጆቻችን በመንጠቆ የሚያወጡት ዓሣም ክረምት ሲሞላ ሽቅብ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ለውሳኔ የማቀርበው ይህን ነው፦

1ኛ፦ ክትሩ ሲሠራ በአንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳይሆን፣ ውኃ ቀስ እያለ የሚወርድበት የድንጋይ ደረጃ ይተው። ድንጋዩ ከዚያው ነው፤ የሚጨምረው የአንድ ሁለት ቀን ጉልበት ነው።

2ኛ፦ በበጋ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦይ አንቀልብሰው። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችንም ከብት ያጠጣሉ፤ ዓሣውም ይተነፍሳል።

3ኛ፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከክትሩ ሥር ማንም መረብ እንዳይጥል፣ መንጠቆም እንዳይነክር።

4ኛ፦ ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ፈጽሞ ይቁም። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም።

በመጨረሻም፣ ያ ልጅ እዚህ ካለ በሁላችን ስም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ጥያቄው በቃለ ጉባዔው ላይ አለ፤ መልሱን በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችንን አውጥተን እንሰጠዋለን። ሁላችሁም ኑ፤ ሴቶችም አትቅሩ፤ ውኃ የምትቀዱት እናንተ ናችሁ።

ወንዛችን አይድረቅ፤ ማዕዳችን አይጉደል፤ ልጆቻችን የምናየውን ይዩ። አሚን በሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ውርጌሳ