እጅ ከመዘርጋቱ በፊት



በብቸናና በሞጣ ሕሙማንን ለማገልገል ለተመረቃችሁ ወጣቶች ስለ አንጎል ቀዶ ጥገና ትምህርት መናገሬ ከመንገድ የወጣ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ራሱን በዱላ የተመታ ገበሬ ወይም ከዛፍ የወደቀ እረኛ አስቀድሞ የሚደርሰው ከእናንተ ዘንድ ስለሆነ፣ የእኛ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥራ ከእናንተ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን እስኪጀምር ድረስ፣ የዚህ ጥበብ ባለቤቶች በመላው ኢትዮጵያ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርቱን የሚያከብደው፣ አንጎል ጥልቅ ሆኖ ሳለ የመጽሐፍ ገጽ ዝርግ መሆኑ ነው፤ ነርቭና የደም ሥር በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ከፊትና ከኋላ ተደራርበው ሲኖሩ፣ ሥዕሉ ሁሉንም በአንድ ሜዳ ላይ ያስተኛቸዋል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ዕድሜውን የሰጠው አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ሮቶን (1932–2016) ነው፤ በኬንታኪ ገጠር መብራትና ውሃ በሌለበት የግንድ ጎጆ ተወልዶ፣ ለአዋላጇም አንድ ከረጢት በቆሎ እንደ ተከፈላት ይነገራል። ሮቶን በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለጥናት በተሰጠ አስከሬን የደም ወሳጆቹን በቀይ፣ የደም መላሾቹን በሰማያዊ ቀለም እየሞላ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ደረጃ በደረጃ እየገለጠ፣ እያንዳንዱን ገጽታ በጥቂቱ ከተለያዩ ሁለት አቅጣጫዎች ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ተማሪው ሁለቱን ፎቶግራፎች አንድ አድርጎ የሚያሳየውን ልዩ መነጽር ሲያጠልቅ የዓይን ነርቭ እንደ ነጭ ገመድ ብድግ ይላል፣ በስተጎኑ ታላቁ የደም ወሳጅ ቀልቶ ይወጣል፣ ጥላ ብቻ መስሎ የነበረውም ጥልቅ ስፍራ መሆኑ ይገለጣል። ዛሬ ደግሞ የሕመምተኛው የራሱ የሲቲ ስካንና የኤም አር አይ ምስል በኮምፒዩተር ባለ ሦስት አውታር ሆኖ ስለሚሠራ፣ የዲማ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ ቅኔውን በልቡ እየቆጠረ እንዲያሰናዳ፣ ሠልጣኙም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት መንገዱን በዓይነ ልቡናው ሄዶ ይመለስበታል።

ሆኖም ምስሉ መምህርን ይተካል የሚሉትን አልቀበልም። ምስል አይደማም፤ ራስ ቅል ተከፍቶ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲወጣም አንጎል ከቦታው ጥቂት ስለሚሸሽ፣ ጠዋት የተነሣው ምስል ለቀትሩ ሥራ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ምስሉ ያለፈውን ሰዓት አይናገርም። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም የሚፈስሰው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከምቱ ነቅቶ ይናገራል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ዘመዶቹም ተመስገን ብለው ወደ ቤቱ ሊወስዱት ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፉ እየከበደ ይሄዳል፣ አንደኛውም የዓይን ብሌን ይሰፋል። በዚያች ሰዓት አጠገቡ የምትገኙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትልኩት፣ መቼ እንደ ተመታ፣ መጨረሻ የተናገረው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ የሰፋው ብሌን የቀኙ ይሁን የግራው፣ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፉልን።