የተሽከርካሪ ለውጥ ከማደሪያው ይጀምራል

(ለድርጅቶች የስምሪትና የትራንስፖርት ኃላፊዎች በተዘጋጀ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙ ድርጅቶች በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ ተሽከርካሪዎቻቸውን በኤሌክትሪክ ለመተካት በሚያስቡበት በዚህ ወቅት በጉዳዩ ላይ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

የሐሳቡ መነሻ ለሁላችን ግልጽ ነው። አገራችን ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ታስገባለች፤ ኤሌክትሪክን ግን በአብዛኛው ከራሷ ወንዞች ታመነጫለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ ለአንድ ድርጅት የቀረው ጥያቄ ከየትኛው መኪና ልጀምር የሚለው ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ በስምሪት መዝገባችን ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ መኪና በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ወዴት ይሄዳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የት ያድራል? የቻይናዋ ሼንዘን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ16,000 የሚበልጡ የሕዝብ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጣለች። አውቶቡስ መንገዱ የታወቀ፣ ማታም ወደ ማደሪያው የሚመለስ ስለሆነ ለዚህ ለውጥ የተመቸ ነው። በእኛም ዘንድ በከተማ ውስጥ ዕቃና ሠራተኛ የሚያመላልሱት መኪኖች ይቅደሙ። ኃይል መሙያ ወደሌለበት ሩቅ ወረዳ የሚወጣው መኪና ግን ለጊዜው ባለበት ይቆይ።

ማደሪያው ራሱ መዘጋጀት አለበት። ለአብነት ያህል፣ አንድ መኪና በቀን 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ማታ የሚያስፈልገው 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህንንም በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር በሦስት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ዐሥር መኪኖች በአንድ ጊዜ ቢሰኩ ግን ግቢው 70 ኪሎ ዋት ይጠየቃል። ትራንስፎርመሩ ይህን የማይችል ከሆነ መኪኖቹ በተራ የሚሞሉበትን ሥርዓት ማውጣት ያስፈልጋል። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊትም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። መኪናው ተገዝቶ ከገባ በኋላ ይህን መጠየቅ የዘገየ ጥያቄ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሰው ጉዳይ ነው። ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ላይ ያሳለፈ መካኒክ አለን። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይለወጥለትም፤ ኖዝል የለውም፤ የባትሪው ኃይል ግን ያለ ሥልጠና የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ ከመኪናው በፊት ይሠልጥን። ሾፌሩም እንዲሁ። በቁልቁለት ላይ ሞተሩ ኃይል መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል፤ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በአዲስ አበባ ይህን የተማረ ሾፌር ባትሪውን ይቆጥባል። ያልተማረው በፍሬን ያባክነዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስብ። አሮጌውን መኪና ሸጠን ስንገላገል ጭሱ ከግቢያችን ወጣ እንጂ ከአገር አልወጣም፤ የገዛው ሰው በሌላ ከተማ ያጨሰዋል። አገልግሎቱን የጨረሰ ባትሪም እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም። የግዢ ውል በምንፈርምበት ቀን አሮጌው መኪና ወዴት እንደሚሄድ፣ ባትሪውንም ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ እናስፍር። ከሕዝብም ሆነ ከለጋሽ በተሰጠን ገንዘብ ላይ ባለዐደራዎች ነንና፣ ስለ ገዛነው ብቻ ሳይሆን ስለ ጣልነውም እንጠየቃለን።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።